አምላካችን ያዘነበለ ቀን

የመጀመሪያው በረዶ ሊወርድ ባለ ሰሞን የንጉሣችን የራጃው ሹም ወደ መንደራችን መጣ። ራጃችን ዙፋኑን ያጸኑለት እንግሊዞች ናቸውና እምቢ ማለት አይችልም። አንድ እንግሊዝ ከተራራው ማዶ አውሬ ሊያድን ነው፤ ከየቤቱ አንድ ወንድ ዕቃውን ተሸክሞ ይሻገር ተባለ። እንደ ወትሮው በነጻ።

ሽማግሌያችን ቱልሲያ፣ “ጌታዬ፣ በዚህ ወር ያንን መንገድ ፍየልም አትደፍረው” አለ።

“ለአምላካችሁ ንገሩት” ብሎ ሹሙ ሳቀ።

ነገርነው። አምላካችን ከመቅደሱ ሲወጣ፣ የብር ፊቶች ያሉት ምስሉ በሁለት ረጃጅም እንጨቶች ላይ ሆኖ አራት ሰው ይሸከመዋል። ወደ ፊት ከሰገደ እሺ ማለቱ ነው፤ ወደ ግራ ካዘነበለ እምቢ።

“እንሂድ ወይ?” ሲል ቱልሲያ ጠየቀ።

አምላካችን ወደ ግራ አዘነበለ፤ የብር ፊቶቹ ተንኳኩ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ግን ተሸካሚዎቹን ነበር የማየው። ከፊት በግራ በኩል የተሸከመው ልጄ ዳስሩ ነው። አምና የእንግሊዝ የብረት መታጠቢያ ገንዳ ተሸክሞ ከወደቀ ወዲህ ግራ ጉልበቱ ይከዳዋል። አሁንም ሲከዳው አይቻለሁ።

ማንም አልሄደም። በሦስተኛው ቀን ሹሙ ወታደሮች ይዞ ተመለሰና አራቱን ተሸካሚዎች አሰረ።

“ማነው ያዘነበለው?”

“አምላካችን” አለ ዳስሩ።

“አምላክ ትከሻ የለውም። አመፀኞች ናችሁ፤ ትሰቀላላችሁ።”

ዳስሩ አየኝ። “እማ፣ ዝም በይ!” አለ፤ ልጅ ሳለ ወደ እሳት ሲጠጋ እኔ እቆጣው እንደነበረው አድርጎ።

ዝም አላልኩም። “ጌታዬ፣ የልጄ ጉልበት ነው። ታማሚ ነው። አምላካችን ምንም አላለም” አልኩ።

“ሰማችሁ? ምንም አላለም! በሉ ፍቱና ሁሉንም አሸክሟቸው” አለ ሹሙ ወታደሮቹን።

ቱልሲያ እግሬ ሥር ተፋ። “አንዱን አድናለሁ ብለሽ የመንደሩን ሠላሳ ወንድ ገደልሽ።”

ዳስሩንም አሰለፉት። የሹሙን ፈረስ ልጓም ይዤ፣ “ታማሚ ነው አልኩዎት እኮ!” ብዬ ጮህኩ።

“ዳገት ያሽለዋል” አለኝ።

የወገቤን የሱፍ መቀነት ፈትቼ ጉልበቱን አሰርኩለት። ፊቴን አላየም። “አጥብቂው” ብቻ አለ።

ከሠላሳው ዘጠኙ ብቻ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ አምላካችንን ያወጣው የለም። በረዶው ሲቀልጥ በግ ጠባቂዎች መቀነቴን አመጡልኝ። ቋጠሮዬ እንዳለ ነው፤ ከጉልበቱ ላይ በቢላ ነው የቆረጡት።