የብዙነህ እምቢታ

ሮቢ ክፉ ነው የሚል ካለ ይዋሻል። ክፉ ቢሆንማ ጠልቼው አርፍ ነበር።

የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌራችንን የጀመረው እሱ ነው። ሕፃን ሆኖ ስቶክሆልም መጥቶ አካላ የሚባል ሰፈር ያደገ ልጅ ነው። ኮዱን ኢንተርኔት ላይ ለሁሉም ክፍት አድርጎ ለቀቀው፤ የፈለገ ያርማል፣ የፈለገ ይጨምራል፣ ሮቢ እያየ ይቀበላል ወይም ይመልሳል። እኔ ከሁዲንጌ ሆስፒታል ሥራ ስወጣ የተጠቃሚዎችን እሮሮ እመልስ ነበር። ከሁላችን በላይ የሠራው ግን ብዙነህ ነው። አዲስ አበባ ታስሮ የወጣ፣ ሃሉንዳ ሰፈር ሰው ቤት አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ዝምተኛ ሰው። የጥገኝነት ጥያቄው ውድቅ ሆኖበታል። ጠበቃው «ሥራ ካገኘህ ምናልባት ትቆይ ይሆናል፤ ካላገኘህ ይመልሱሃል» ብላዋለች።

በፈረንጆቹ 2009 ጸደይ፣ ሶፍትዌራችንን የሚጠቀም አንድ ድርጅት ከመካከላችን አንድ ሰው እቀጥራለሁ አለ። ምርጫውን ለሮቢ ተወለት። ሮቢ ሁላችንንም ሰብስቦ፣ «ብዙ የሠራ ይቅደም» አለ። «ብዙነህ፣ ሥራው ያንተ ነው። ትፈልጋለህ?»

ብዙነህ አቀረቀረ። «ኧረ እኔ ምን ሠራሁና! ከእኔ የሚሻሉ አሉ፤ ለእነሱ ይሁን።»

አገር ቤት ላደገ ሰው ይህ ምንም አዲስ ነገር የለውም። የመጀመሪያው እምቢታ ለወጉ ነው። ከዚያ «በሞቴ» ይባላል፣ «አፈር ስሆን» ይባላል፣ ሰውየው እያፈረ ይቀበላል። ልንለምነው አፋችንን ስንከፍት ሮቢ «ኦኬይ፣ አከብርልሃለሁ» አለና ወደ ብሩህ ዞረ። ብሩህ እዚሁ የተወለደ፣ የስዊድን ፓስፖርት ያለው ልጅ ነው። «ያ፣ የርና» አለ፣ በደስታ ማለቱ ነው፤ ተነሥቶም ሮቢን ጨበጠው።

«ሮቢ፣ ለወጉ እኮ ነው እምቢ ያለው። ድገምለት» አልኩት።

ግራ ገባው። ፍርደ ገምድል እንዳይሆን ብሎ ግን በሁላችን ፊት ጠየቀው፤ «ብዙነህ፣ ትፈልጋለህ ወይስ አትፈልግም?»

አሁን «አዎ» ማለት ከብሩህ እጅ መንጠቅ ነው። ብዙነህ ፈገግ አለ። «ለብሩህ ይገባዋል» አለ። ያቺን ፈገግታ እስከ ዛሬ እጠላታለሁ።

«አየሽ ልደታ» አለኝ ሮቢ። «ኔይ፣ አልፈልግም ካለ፣ ኔይ ነው። ሰውን መጨቅጨቅ ንቀት ነው።»

ስንበተን ብዙነህን ባቡር ጣቢያ ደረስኩበት። ንድድ ብሎኝ ነበር። «ምናለ አዎ ብትል?» አልኩት።

«ሁለተኛ ይለኛል ብዬ እኮ ነው» አለኝ።

በጋው ሳያልቅ ፖሊስ ያዘው። ተመላሾች የሚቆዩበት ቤት አስገቡት፤ የሚሳፈርበት ቀንም ተቆረጠ። ሮቢ ሲሰማ አለቀሰ፣ ከልቡ ነው። ወዲያው እኔ ፊት ደወለለት። ሌላ ጠበቃ ልያዝልህ ወይ፣ ገንዘብ እናዋጣ ወይ፣ መጥተን እንይህ ወይ እያለ ጠየቀው።

ስልኩን ሲዘጋ ፊቱ ፈታ ብሎ ነበር።

«ምን አለህ?» አልኩት።

«ደህና ነኝ፣ አትቸገሩ አለኝ» አለ ሮቢ። «ተመስገን ነው፤ ምንም አልፈለገም።»