ቃሉን እንጂ ቦታውን የማይደብቅ ስልክ

ቦንግሲም ኪምባፕ የሚባለውን የሩዝ ጥቅል እየጠቀለለች ሳለ ስልኳ ኪሷ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ሩዝ በያዘ እጇ ወደ ጓዳ ሮጠች።

«ኧረ ወዴት? ሰው ተሰልፎ!» አለች የምግብ ቤቱ ባለቤት። «በዚህ ዕድሜሽ ፍቅረኛ ያዝሽ እንዴ?»

«እናቴ ናት!»

ሴትዮዋ አፏን ያዘች። ቦንግሲም ከሰሜን ኮሪያ አምልጣ ደቡብ ኮሪያ፣ ኢንቾን ከገባች ወዲህ የእናቷን ዓይን እንዳላየች ታውቃለች።

አንድ ደላላ ለእናቷ በድብቅ ድንበር ያሻገረላት ስልክ ከመዳፍ አይበልጥም፤ ንግግሩን ግን አመስጥሮ ስለሚልክ የጠለፈው ሁሉ ምንም አይገባውም። «ቃላችሁን ይደብቃል እንጂ እናትሽ ያለችበትን አይደብቅም» ብሎ ቦንግሲምን አስጠንቅቋታል። «ፖሊሶቹ የስልክ ሞገድ የሚያነፈንፍ መኪና አላቸው። እንዳታስረዝሙት።»

«ሄሎ፣ አክስቴ?» አለች እናቷ ኔትወርክ ፍለጋ ከወጣችበት ተራራ ላይ እያለከለከች። «ድንቹ ደህና ነው። አይጡም ቀንሷል።»

ጆሮ ጠቢ ፈርተው ሁሌም እንዲህ ነበር የሚያወሩት፤ ድንቹ ጤና፣ አይጡ ፖሊስ፣ ‹አክስቴ› ደግሞ ቦንግሲም።

«እማዬ፣ ይሄኛውን ማንም አይሰማም። በስሜ ጥሪኝ።»

«አፌ እንቢ አለኝ እኮ።»

«በሞቴ!»

«ቦንግሲም… የኔ ቦንግሲም!» አለችና ለቅሶውንም ወሬውንም አንድ ላይ አፈነዳችው። «ናፍቀሽኛል፣ ልጄ! ወፈርሽ? ያንን ሰውዬስ አገባሽው?»

«አላገባሁትም።»

«ምን ትጠብቂያለሽ ታዲያ? እኔ እስክመጣ?»

ሁለቱም ሳቁ። ቦንግሲም ሰዓቱን አየች።

«እማዬ፣ እንዝጋው።»

«ማንም አይሰማም ብለሽ የለ? እስኪመሽ እናወራለን።»

«አይሰሙም፤ ግን ስልኩ ያለበትን ያገኙታል። ይይዙሻል!»

«ይያዙኛ! ምን ቀረኝና? ይልቅ ስሚኝ፤ አባትሽ ነፍሱ ልትወጣ ስትል ስላንቺ ያለውን አልነገርኩሽም።»

ቦንግሲም ግድግዳውን ተደገፈች። ተሰናብታው አልወጣችም፤ ይቅር ብሏት ይሁን ረግሟት፣ ቀብሩን ከሰማች ጀምሮ እንቅልፍ የነሳት ይኸው ነው። ንገሪኝ ልትል አፏን ከፈተች። ከእናቷ በኩል፣ ከሩቅ፣ ሰው እንደመጣበት ውሻ ጮኸ።

«እጄን ይዞ፣ ‹ቦንግሲምን ስታገኚያት…›»

ቦንግሲም ቀዩን ቁልፍ ተጫነችው።

ወዲያው መልሶ ጠራ። ካነሳችው እናቷ አትዘጋም፤ ዝም ካለችው ደግሞ ስትደውል ትቆያለች እንጂ ከተራራው አትወርድም፤ ስልኩ ከጠፋባት ግን ተስፋ ቆርጣ ትወርዳለች። እንባዋ ሩዝ የተጣበቀበት እጇ ላይ እየወረደ፣ ስልኩን እየጠራ አጠፋችው።