ሐኪሙ ያባበለ መስሏት

ቄስ ተክለ ማርያም በደጃፉ ብቅ ሲሉ ሠርካለም አንገቷን ደፋች። የነፍስ አባታቸው የመጡት አባቷን አቶ ያርጋልን ለምንኩስና ሊሸኙ ነው። በቅሎዋ ተጭናለች፤ መንገዱ በመካነ ብርሃን በኩል ወደ ገዳም ነው። የቀረው የእናቷ የፋንታዬ ቃል ብቻ ነበር። ሚስት ካልፈቀደች ባል አይመነኩስም።

ወደ ገዳም የሰደደቻቸው ሠርካለም ናት።

አምና ጎንደር ላይ ሐኪሙ፣ «የደም ካንሰር ነው፤ ብዙ ሰው የማይዘው ዓይነት። ክኒኑን በየቀኑ ከዋጡ ግን ረጅም ጊዜ ሊኖሩ ይችላሉ» ብሏቸው ነበር። ሠርካለም ከንፈሯን አጣመመች። ባገሩ ለበሽተኛ እውነት የሚነግር ማን አለ? መርዶ እንኳ ዙሪያ ጥምጥም ተሂዶ ነው የሚነገር። ከስምንተኛ ክፍል ወጥታ፣ እንግሊዝኛን በመዝገበ ቃላት ብቻ ያንበረከከች ልጅ እንዲህ በቀላሉ አትታለልም። ደባርቅ ገበያ ያገኘችውን አሮጌ የሕክምና መጽሐፍ ገልጣ በሽታውን ፈለገችና አባቷ ፊት ቆመች።

«አባባ፣ ሐኪሙ አባብሎዎት ነው። እኔ ግን አልዋሽዎትም። ሦስት ዓመት፣ ቢበዛ አራት።»

ያርጋል አላለቀሱም። «እግዜር ይስጥሽ፤ ደፋር ልጅ ወልጃለሁ» አሉና ስለ ነፍሳቸው ማሰብ ጀመሩ። ክኒኑንም ገዳም ይዘው እንደማይገቡ ተናገሩ።

ባለፈው ሳምንት እስኪሄዱ የሚውጡትን ክኒን ልትቀበልላቸው ብቻዋን ጎንደር ስትወርድ፣ ሐኪሙን ልታፋጥጠው መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። እሱ የታተመበትን ዓመት ፈልጎ አየ።

«እህቴ፣ ይኼ ሲጻፍ ይህ ክኒን ገና አልተሠራም። ያኔ እውነት ነበር። ዛሬ ሳያቋርጡ ከሚውጡት ብዙዎቹ ዕድሜ ያገኛሉ። ካቋረጡ ነው መጽሐፍሽ የሚደርስባቸው።»

ቤቷ ገብታ ነገሩን በሆዷ ያዘችው። «ነገ እነግራቸዋለሁ» እያለች ስንቃቸውን አሰናዳች። አገሩን ሁሉ የምትወጋበት ምላሷ ለዚህች ለአንዲት ነገር አልታዘዝ አላት።

«ፋንታዬ፣ ባለቤትሽን ለእግዚአብሔር ፈቅደሻል ወይ?» አሉ ቄሱ።

«የቀረው ዕድሜ ይኼው ከሆነማ፣ እኔ ጋ ምን ያደርጋል…»

«እምዬ፣ እንዳትፈቅጂ!»

«በቄስ ፊት አፍሽን ትከፍቻለሽ?» ተቆጡ ያርጋል።

«መጽሐፉ አሮጌ ነው፣ አባባ። ይህ ክኒን ሳይኖር የተጻፈ። ሐኪሙ አላባበለዎትም። የዋሸሁዎት እኔ ነኝ።»

«መቼ ነው ያወቅሽ?»

«ያለፈው ሳምንት።»

«ስንቄን ስታሰናጂ ታውቂ ነበር?»

ሠርካለም ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«እሺ፣ ስንት ዓመት ቀረኝ ታዲያ?»

አፏን ከፈተች። ልማዷ ሆኖ ቁጥር ልትናገር ምንም አልቀራትም።

«አላውቅም። ክኒኑን ካላቋረጡ ብዙ ሊሆን ይችላል። ልኩን ሐኪሙም አያውቅ።»

ያርጋል ወደ ቄሱ ዞሩ። «ሰሙ፣ አባ? ሠርካለም አላውቅም አለች! ይኼን ተአምር ያየ ሰው ትንሽ ሰንበት ብሎ ነው የሚሄድ።»

ቄሱ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ፋንታዬ አልሳቀችም።

«ዓመት ሙሉ በቁሙ አለቀስኩት» አለች ቀስ ብላ። «ጎኔ ተኝተሽ ትሰሚኝ ነበር።»

ወጥታ የበቅሎዋን ጭነት መፍታት ጀመረች። ሠርካለም ተከትላ ገመዱን ልትይዝላት እጇን ዘረጋች።

«ተይው» አለች እናቷ፣ ቀና ብላ ሳታያት። «እኔው አራግፈዋለሁ።»