ጭነቱ በገበያ ይፈታ

ጭቃ ሹም ኃይለ ገብርኤል መቀመጫ አጣ። ከጓሮ ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ ጓሮ ይላል። ጎተራው ሥር የተደረደሩትን ጆንያዎች ማየት ያስጠላዋል፤ ሳያያቸው መዋልም አይችልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣሊያን አንኮበር ከገባ ወዲህ ገበያው ሞቶ ነበር። ብር ያለው ብሩን ቀበረ፤ የጣሊያኑን ወረቀት ደግሞ የሚቀበል ጠፋ። «ዝናብ የሚያበሰብሰው ምን ገንዘብ ነው?» ተባለ። ደብረ ብርሃን ካለው የጣሊያን አለቃ ትእዛዝ መጣ። መንገድ የሚቆፍር ሁሉ ዋጋውን በጨው ያገኛል፣ በዚያውም ገበያው ይነቃል ተብሎ አዋጅ ተነገረ። ከአሊዩ አምባ በላይ ያለው ሰው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ቋጥኝ ሲፈነቅል ከረመ። ጨው አጥቶ ወጡን አልጫ የሚበላ ቤት ብዙ ነበር።

ጨውን ያመጣው የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ ወልደተንሣኤ ነው። በቅሎዎቹን ገበያ ሳያሳርፍ በቀጥታ ወደ ኃይለ ገብርኤል ግቢ ነዳቸው። የአገሩ ደንብ ሌላ ነው። ለሕዝብ የመጣ ጭነት አሊዩ አምባ ገበያ መካከል ይፈታል፣ ቁርበት ላይ ይዘረገፋል፣ ሁሉ እያየው ይከፋፈላል። ኃይለ ገብርኤል ይህን አላጣውም። ግን እንግዳው ደክሞት ገባ፤ ለእግሩ ውሃ ቀረበለት፣ ጠላ ተቀዳለት። እንግዳ እንጀራ ሳይቆርስ ጭነቱን መፍታት «ሌባ ነህ» እንደ ማለት ነው፤ ነውር ነው። ስለዚህ ወልደተንሣኤ በሽማግሎች ፊት «ሙሉውን ተረክበሃል?» ሲለው፣ «ተረክቤያለሁ» አለ።

እንግዳው ከሄደ በኋላ አንዱን ጆንያ ፈታ። ከላይ ጨው ነው። ክንዱን ሲሰድድ ከሥሩ አሸዋ አገኘ። ሌላ ፈታ፤ ያው ነው። የቀሩትን ከውጭ ዳብሶ ተዋቸው።

ሚስቱ ለተጊዮርጊስ ከኋላው ቆማ ታይ ነበር።

«በሬውን ሸጠን እንሙላው» አለች።

«አንድ በሬ የስንቱን ጨው ይሞላል?»

«እንግዲያው ለጣሊያኑ ይንገሩት።»

«በማን ምላስ? ቃሌን የሚያደርሰው ወልደተንሣኤ ራሱ አይደል? እኔ ‹ሰረቀ› ስል እሱ ‹ሰረቅሁ አለ› ይለዋል።»

ሰው መጠርጠር ጀመረ። መንገዱ ላይ ድንጋይ ስትሸከም የከረመችው የቆላዋ አፊፋ፣ በደጁ ባለፈች ቁጥር ትጣራለች።

«ጋሼ ኃይሌ! ጨዋችን ደኅና አደረ?»

«ለገበያ ቀን ትወስጃለሽ።»

«እስከዚያ እንዳይሟሟ ሰግቼ ነው። የሹም ቤት እርጥበት አያጣውም።»

ሳቋ ጓሮ ድረስ ተከተለው። ምሳውን ሳይነካ ተነሣና ቁልቁለቱን ወረደ። ግማሽ መንገድ ላይ ሊመለስ ዞረ፤ ደግሞ ወረደ። የአሊዩ አምባው ጨው ነጋዴ ዘይኑልአቢዲን ከአባቶቻቸው ጀምሮ ወዳጁ ነው። ነገሩን ሁሉ አጫወተውና፣

«ጨው አበድረኝ፣ ዘይኑ» አለው።

ዘይኑልአቢዲን መቁጠሪያ ሙስበሃውን አስቀመጠ።

«ወላሂ አላበድርህም። የሱን ጉድጓድ በኔ ጨው ብንደፍነው፣ ለከርሞ አስፍቶ ይቆፍራል።»

«እና ልሰቀል?»

«ጆንያዎቹን መልሰህ እሰር። እንዳመጣጣቸው ገበያ አውርዳቸው። ጨው ሲከፋፈል ጣሊያኑ ሊያይ ይመጣ የለም? በፊቱ ይዘርገፉ። ቃል አስተርጓሚ ይፈልጋል፤ አሸዋ አይፈልግም።»

«አሸዋውን አንተ ጨመርከው ቢሉኝስ?»

«ይሉህ ይሆናል። ጓሮህ ተደብቆ ቢገኝ ግን መጠየቅም የለ።»

የገበያው ቀን ደረሰ። ጣሊያኑ መኮንን አስካሪ ወታደሮቹን አስከትሎ በበቅሎ መጣ። እሱ ይናገራል፣ ወልደተንሣኤ ወደ አማርኛ ይመልሳል።

«መንግሥት ስለ ድካማችሁ ጨው ልኮላችኋል! ጭቃ ሹሙም ሙሉውን ተረክቧል!»

ኃይለ ገብርኤል ጆንያዎቹን ቁርበቱ ዳር አስደርድሮ ቆሟል። ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ያመጣ ይፈታል፤ የአባቶቻችን ደንብ ነው። ጌታዬ ወልደተንሣኤ፣ ክብሩ የእርስዎ ነው፤ ይፍቱልን።»

የወልደተንሣኤ ፊት ጠቆረ። «ተረክቤያለሁ ብለህ የለም?»

«ብያለሁ። እንግዳ አላሳፍርም ብዬ ሳላይ ተረከብኩ። ኋላ ብቻዬን ፈትቼ አየሁት። አሁን ሁሉም ይየው።»

መኮንኑ ምን እንደሚባባሉ ጠየቀ። ወልደተንሣኤ አንድ ነገር አንሾካሾከና ሳቀ። መኮንኑም ሳቀ፤ ሊመለስ የበቅሎውን ልጓም ሳበ። ኃይለ ገብርኤል አለቀልኝ አለ።

«ያመጣ ካልፈታ የደከመ ይፍታ!»

አፊፋ ናት። ከሴቶቹ መካከል ወጥታ የአንዱን ጆንያ አንድ ጆሮ ያዘች። ዘይኑልአቢዲን ሌላውን ያዘ። ዘረገፉት። መጀመሪያ ነጭ ወረደ፤ ከዚያ አሸዋው ቁርበቱን ሞልቶ መሬት ላይ ፈሰሰ።

መኮንኑ ከበቅሎው ወረደ። ከአሸዋው ዘግኖ አየው፤ ወልደተንሣኤን አየ፤ ጭቃ ሹሙን አየ። ማንን እንደሚያምን አላወቀም። ሁለቱም በአንድ ገመድ እንዲታሰሩና ደብረ ብርሃን እንዲወሰዱ አዘዘ።

ለተጊዮርጊስ ጋቢ አለበሰችው። አፊፋ ቆሎ በጨርቅ ቋጥራ መጣች፤ ዓይኑን ግን አላየችውም።

«ለመንገድ ነው፣ ጋሼ።»

«ጨው አለበት?»

«አለበት። የእርስዎን ጠብቄ ቢሆን አልጫ ይቆረጥሙ ነበር።»

ዳገቱን ጀመሩት። ወልደተንሣኤ በገመዱ ወደ እሱ ተጠጋ።

«እዚያ ስንደርስ ላንተም ለእኔም የምናገረው እኔ ነኝ። ይህን አስበኸዋል?»

ኃይለ ገብርኤል ወደ ኋላ ዞረ። «ተረክቤያለሁ» ሲል የሰሙት ሽማግሎች በትራቸውን ይዘው ይከተላሉ። ከእነሱ ኋላ ዘይኑልአቢዲን ከመጣ ጀምሮ ያልተፈታ አንድ ጆንያ አህያ ላይ ጭኖ፣ ቁርበቱንም ከላዩ ጠቅልሎ ይነዳል።

«ደብረ ብርሃንም ገበያ አለ» አለ ኃይለ ገብርኤል።