ያልተቀመሰው መረቅ

ሹክሪያ አዲስ አበባ ለሚታተም መጽሔት የምግብ ፎቶ ታነሳለች። ፎቶው ምራቅ ያስውጣል፤ ሥራውን ያየ ግን ያን ምግብ አይነካውም። የሚያብረቀርቀው ሥጋ ግሊሰሪን ተቀብቷል፣ ሞልቶ እንዲታይ ከመረቁ ሥር ጠጠር ተነጥፏል፣ ገና የወጣ የሚያስመስለው አረፋም የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ነው። ካሜራ ሆድ የለውም፣ ምን ቸገረው!

ለረመዳን እትም የአብሽ መረቅ ተፈለገ። ሹክሪያ ደግሞ ከእናቷ እጅ የተሻለ አታውቅም። ወደ ትውልድ ከተማዋ ጭሮ ስትደርስ እናቷ ዙህራ አልጋ ይዛለች። ሕመሙ ጉልበቷን ብቻ ሳይሆን የአፏንም ጣዕም ወስዶባት፣ ማርም ውሃም አንድ ሆኖባታል። የልጇን ጥያቄ ስትሰማ ግን ግድግዳ ይዛ ተነሳች። የዙህራ እህት ነስሪን እንድትተኛ ለመነቻት፣ ተቆጣቻት፤ ወይ ፍንክች! በርጩማ ላይ ተቀምጣ በትንሿ ድስት አበሰለች።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ጨው እኔ አይታወቀኝም። አንቺ ቅመሽና ንገሪኝ» አለቻት።

«እሺ እማ፣ ብርሃኑ ሳያመልጠኝ ላንሳውና።»

መስኮቱን በነጭ ሻሽ ጋርዳ፣ ከሂርና ገበያ የገዛችውን የሸክላ ጣባ አስቀመጠች። የመረቁን ግማሽ ለካሜራው፣ ግማሹን ለራሷ በድስቱ ውስጥ ለየች። ጠጠሩን አነጠፈች፣ ሳሙናውን ጨመረች። ሌንሷን እስክታስተካክል አረፋው ጠፋ፣ መረቁም ቆዳ አወጣ። ፀሐይዋ እየሸሸች ነው። እጇ በሥራ ልማድ ወደ ቀረው ግማሽ ሄደ፤ ያንንም ጣባው ላይ ገለበጠችና ሳሙና ጨመረችበት። አሁን አማረ። ደጋግማ አነሳች፣ ደስም አላት።

እናቷ በሩን ተደግፋ ቆማ ነበር። «እህ፣ ጨውስ?»

ሹክሪያ ዞር ብላ ድስቱን አየች። ነስሪን አጥባ ደፍታዋለች። ለቅምሻ እንኳ የቀረ የለም።

«ልክ ነው እማ» አለች። «እንደ ድሮው ነው።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለች ዙህራ። ፊቷ በራ፤ እንደዚያ ሲበራ ሹክሪያ ከስንት ጊዜ በኋላ ማየቷ ነው። ሲሻላት እንደገና ታበስልልኛለች፣ ያኔ ጠግቤ እበላለሁ ብላ ራሷን አታለለች። ዙህራ ግን ከዚያ ወዲህ ከአልጋዋ አልተነሳችም። መጽሔቱ ሳይታተም ቀበሯት።

ለቅሶው ላይ ነስሪን የእህቷን ልጅ አቅፋ ታባብላታለች።

«በቃ፣ አትጎጂ። ስንቱ የናቱን እጅ እንደናፈቀ ይቀራል! አንቺ የመጨረሻዋን በልተሻል። እሷም ‹ልክ ነው አለችኝ› እያለች፣ ደስ ብሏት ነው የሄደችው።»

ሹክሪያ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። እናቷን ያስደሰተችበት ቃል እሷን ያቃጥላታል፤ መመለሻም የለውም።

አጠገባቸው የተቀመጠች ጎረቤት፣ ማጽናናቷ ነው፣ የሹክሪያን ጉልበት እየዳሰሰች ጠየቀቻት።

«እስቲ ንገሪን፤ እንዴት ነበር ጣዕሙ?»

ሴቶቹ ሁሉ ወደ እሷ ዞሩ። ሹክሪያ ካሜራዋን አወጣችና ያልቀመሰችውን መረቅ ፎቶ አሳየቻቸው።