ቀይ ሲባል የምትነሳው እጅ

ሃምሳ አለቃዋ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ሹፌሮች ግን ዛሬም መንገድ ላይ ሲያዩዋቸው እጃቸው ሳይታወቃቸው ወደ ቀበቶው ይሄዳል። የትራፊክ ፖሊስ ልብሳቸው ሣጥን፣ ፊሽካቸው መሳቢያ ገብቷል፤ እሳቸው ግን ያው ናቸው። ዳቦ ቤት ወረፋ ላይ እንኳ «አንተ ቀኝህን ያዝ፣ አንቺ ትንሽ ፈቀቅ በይ» ሳይሉ ዳቦ ገዝተው አያውቁም። የገዛ ባላቸውን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በብስክሌት ቀይ መብራት ሲጥሱ ይዘው የቀጡ ሴት ናቸው። ማታ ራት እያቀረቡላቸው «ጥፋትህን አምነሃል?» ብለው መጠየቃቸውን ያልሰማ ጎረቤት የለም።

እኚህ ሴት ናቸው እንግዲህ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዓይናቸውን በጨው አጥበው፣ አፍንጫቸውን ገና በራሳቸው መናፈጥ ካልቻሉ ሕፃናት ጋር ስፓኒሽ ልማር ብለው መዋዕለ ሕፃናት የገቡት።

ያመጣቸው የልጅ ልጅ ነገር ነው። ወንድ ልጃቸው ባህር ማዶ ሄዶ፣ እዚያው አግብቶ፣ ሴት ልጅ ወልዷል። ልጅቷ የእናቷን ቋንቋ፣ ስፓኒሽን ብቻ ነው የምታውቀው። አባቷ ወደብ ላይ ዕቃ ሲያራግፍ ውሎ እንቅልፉን ይዞ ነው የሚገባው፤ መቼ ያስተምራት! ሃምሳ አለቃዋ ይህን ሰበብ አይቀበሉም። «በቀን አንዲት ቃል ያቅትሃል?» እያሉ በደወሉ ቁጥር ይወርዱበታል። ልጅቷ ደግሞ የአያቷ ፊት ስልኩ ላይ ብቅ ሲል እግሬ አውጪኝ ትላለች። ለትምህርት ቤት እረፍት ሦስቱም ሊመጡ ነው። የሃምሳ አለቃዋ ጭንቀት ልጅቷ ከእናቷ ቀሚስ ሥር ሳትወጣ፣ አንዴም እጃቸውን ሳትነካ፣ እንደመጣች እንዳትመለስ ነው። ይህን ለማንም አልተናገሩም። ለመዋዕለ ሕፃናቱ አስተማሪም ያሉት «አእምሮዬ እንዳይዝግ ብዬ ነው» ነው።

መዋዕለ ሕፃናቱ ስፓኒሽ የጀመረው ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ስለጀመረ ነው። ባለቤቲቱ «እኛስ ከማን እናንሳለን» ብላ ባህር ማዶ የተማረች ወጣት ቀጠረች። ልጆቹ ሚስ ይሏታል። ሚስ ደብተር የሚባል ነገር አትወድም። ቀለም ስታስተምር አንድ ዘንቢል ሙሉ ካልሲ ወለሉ ላይ ትበትንና የጠራችውን ቀለም ቀድሞ ያነሳ ያሸንፋል። እንስሳ ስታስተምር «ጋቶ» ስትል ሁሉም ድመት ሆኖ ይድሃል፣ «ሳፖ» ስትል እንደ እንቁራሪት ይዘላል። ጨዋታ ባለቀ ቁጥር ደግሞ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ኦትራ ቤስ!» ይላል። እንደገና ማለት ነው። ልጆቹ ከሁሉም ቃል በፊት ያወቁት እሱን ነው፤ ልጅ ምን ማወቅ እንዳለበት መች ያጣዋል።

ሃምሳ አለቃዋ ጉልበታቸውን አገጫቸው ልታደርስ ትንሽ በቀራት ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ የመጀመሪያውን ቀን በትዕግሥት ካሳለፉ በኋላ ሚስን ጠሯት።

«ልጄ፣ ለእኔ ካልሲውን ተይልኝ። ነይ፣ ቁጭ በይ፣ እጅሽን ታጠቢ የሚለውን ስጪኝ።»

«እሱ እኮ ሁሉም ትእዛዝ ነው፣ ሃምሳ አለቃ።»

«ታዲያ ልጅ በምን ያድጋል?»

ሚስ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ካልሲውን አቀበለቻቸው።

ጉድ የፈላው የመብራት ጨዋታ የመጣ ቀን ነው። ጨዋታው ቀላል ነው። አንዱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ «ቤርዴ» ሲል አረንጓዴ በራ ማለት ነው፤ ሌሎቹ ከኋላው ቀስ እያሉ ይጠጉታል። «ሮሆ» ብሎ ሲዞር ቀይ ነው፤ ሁሉም ባለበት ይደርቃል፣ የተነቃነቀ ይወጣል። ሳይያዝ ደርሶ የጠሪውን ጀርባ የነካ ያሸንፋል። ሃምሳ አለቃዋ «ይሄማ የእኔ ሥራ ነው» ብለው እጅጌያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተሰለፉ። ኧረ ምን ያደርጋል! «ሮሆ» ሲባል ክፍሉ ሁሉ ጸጥ አለ፣ የሃምሳ አለቃዋ ቀኝ እጅ ግን ማንንም ሳታማክር ብድግ ብላ፣ መዳፏን ዘርግታ አየር ላይ ቆመች። ያን ሁሉ ዘመን ቀይ ሲበራ ሌላው ይቆማል፣ እሳቸው እጅ ያነሳሉ፤ እጅየዋ ጡረታ መውጣቷን የነገራት የለም።

«እማማ ፊሽካ ተንቀሳቅሰዋል!» አለች የፊት ጥርሶቿ የወለቁባት ልጅ። ልጆቹ ይህን ስም ያወጡላቸው በመጀመሪያው ቀን ነው። ወላቃዋ የጨዋታው ዳኛ ናት፤ ማንም አልሾማትም፣ ማንም ደግሞ አይሽራትም። ሃምሳ አለቃዋ «እጄ ነው እንጂ እኔ አልተንቀሳቀስኩም» ብለው ሽንጣቸውን ገትረው ተከራከሩ። ወላቃዋ ፍንክች አላለችም። ወጡ። በሚቀጥለውም ዙር ወጡ። ሰው ቀጥተው የኖሩት ሴት ቅጣት ምን ምን እንደሚል በስተርጅና ቀመሱት።

የዚያን ዕለት ሚስን በር ላይ ይዘው «ነይ»ን ካልነገርሽኝ አልለቅሽም አሏት። «ቤን ነው» አለቻቸው፣ «ግን ለስለስ አድርገው ይበሉት።» ማታ ስልክ ሲደወል ልጅቷ ከአባቷ ትከሻ ጀርባ አንድ ዓይኗን አወጣች። ሃምሳ አለቃዋ ለስለስ የምትለዋን ምክር ረስተው «ቤን!» አሉ። መንገድ ማዶ የቆመ የጭነት መኪና ይሰማው ነበር። ልጅቷ አልጋ ሥር ገባች።

«እማዬ፣ ምን አልሻት?»

«ነይ ነው ያልኳት። ነይ ማለት ወንጀል ነው እንዴ?»

ልጃቸው ሳቀ። «አይደለም። እኔንም እንደዚያ ነበር የምትጠሪኝ።»

«አንተስ ትመጣ አልነበር?»

«እመጣ ነበር፣ እማዬ። እየፈራሁ።»

ነገሩን በቀልድ ነው ያለው፣ ቀጥሎም ስለ ጉዞው ማውራት ጀመረ። እሳቸው ግን ስልኩ ከተዘጋ በኋላ መብራት ሳያበሩ ተቀመጡ። ልጃቸው ሲጠሩት እየሮጠ ይመጣ የነበረው ስለሚወዳቸው ይመስላቸው ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠሪ የመሆን ተራ ደረሳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው «ቤርዴ» አሉ፤ ገና የመጀመሪያዋ ኮቴ ኮሽ ስትል «ሮሆ»ን ሳይሉ ዘወር አሉ። ልጆቹ አጉረመረሙ። አሁንም «ቤርዴ»፣ አሁንም ዘወር። ወላቃዋ ወገቧን ይዛ መጣች።

«እማማ፣ ግድግዳውን ይዩ እንጂ እኛን አይዩ።»

«እኔ በሕይወቴ ለመኪና ጀርባዬን ሰጥቼ አላውቅም።»

«እኛ መኪና አይደለንም። ደግሞ ዝም ብለው ካዩን እንዴት እንምጣ?»

ልጆቹም ጨዋታው አልጥም ብሏቸው ወደ ካልሲያቸው ሄዱ። ያን ቀን «ኦትራ ቤስ» ያለ አልነበረም።

እንግዶቹ መጡ። ሃምሳ አለቃዋ ቤቱን ጠርገው፣ ሶፋው ላይ አሻንጉሊት አስቀምጠው፣ «እንኳን ደህና መጣሽ»ን በስፓኒሽ ከሚስ ተቀብለው ሲሸመድዱ ሰንብተዋል። በሩ ሲከፈት ቃሉ ከአፋቸው የወጣው መስቀለኛ መንገድ ላይ እንደሚወጣው ሆኖ ነው። ልጅቷ በእናቷ ቀሚስ ዞራ፣ ሳሎኑን አቋርጣ፣ የመስኮቱ መጋረጃ ውስጥ ጥልቅ አለች። ምሳ ቀረበ፣ አልወጣችም። ምራታቸው አባበለቻት፣ አልወጣችም። ልጃቸው «ተያት እማዬ፣ ትለምዳለች» አለ። መቼ? የመሄጃዋ ቀን?

ተነስተው ወደ መጋረጃው ሄዱ። እጃቸው ጨርቁን ልትገልጥ ተዘረጋች። ከሥር ሁለት ትንንሽ ቀይ ጫማዎች፣ ጫፍና ጫፋቸው ገጥሞ፣ ጭምት ብለው ቆመዋል። የወላቃዋ ነገር ትዝ አላቸው። እጃቸውን መለሱ። ከዚያ ሳሎኑን ተሻግረው እስከ ወዲያኛው ግድግዳ ሄዱና ፊታቸውን አዞሩ። ግድግዳው ላይ የሟች ባላቸው ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ አፍንጫ ለአፍንጫ ተፋጠጡ።

«ቤርዴ» አሉ፣ ቀስ ብለው።

«እማዬ፣ ደህና ነሽ?» አለ ልጃቸው። ሚስቱ ነገሩ ገብቷት ክንዱን ያዝ አደረገችው።

ሃምሳ አለቃዋ «ሮሆ» ብለው ዞሩ። መጋረጃው ትንሽ ተወዛውዞ ቆመ፤ አንደኛው ጫማ ወደ ፊት ወጥቷል። ያቺ ጉደኛ እጃቸው እንደ ልማዷ ብድግ አለች። ከመጋረጃው ውስጥ የታፈነ ሳቅ ተሰማ።

ወደ ግድግዳው ተመለሱ። «ቤርዴ።» የጨርቅ ኮሽታ። «ሮሆ።» ሲዞሩ ልጅቷ ሳሎኑ መሃል ቆማለች፣ ቀኝ እጇን ልክ እንደሳቸው ዘርግታ። አንድ እግሯ አየር ላይ ነው፣ ትንገዳገዳለች፣ ከንፈሯ ሳቁን ሊይዝ አልቻለም። ግልጽ ጥፋት ነው፤ ወላቃዋ ብትኖር አንዲት ሰከንድ አትምራትም። በሥራ ዘመናቸው የአለቃቸውን ሚስት እንኳ ያላለፉት ሃምሳ አለቃ ጣራውን አዩ፣ አሻንጉሊቱን አዩ፣ ምንም እንዳላየ ሰው ወደ ግድግዳቸው ዞሩ።

«ቤርዴ።»

ከዚህ በኋላ «ሮሆ» አላሉም። አንገታቸው ዙሪ ዙሪ አላቸው። መጥታ ይሆን? ተመልሳ መጋረጃዋ ውስጥ ገብታ ይሆን? ኮቴ እንኳ አይሰማም። ጥርሳቸውን ነክሰው ግድግዳውን አዩ፤ እንደዚያን ቀን ፈርተው አያውቁም።

ወገባቸው ላይ አንዲት ትንሽ መዳፍ አረፈች። ሞቅ ትላለች።

በደንቡ መሠረት ተሸንፈዋል። ሊዞሩ ሲሉ ከጀርባቸው ድምፅ መጣ፣ የልጅ ልጃቸው ለእሳቸው ብላ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል።

«ኦትራ ቤስ።»

ቀይ ጫማዎቹ ወደ መጋረጃው ሲሮጡ ሰሙ። ሃምሳ አለቃዋ ፊታቸው ወደ ግድግዳው መሆኑ በጃቸው፤ ዓይናቸው ሞልቶ ነበር። ከፎቶግራፉ መስታወት ሥር የሚያዩዋቸውን ባላቸውን «ምን ታየኛለህ፣ የብስክሌቱን ቅጣት መልሼልሃለሁ» አሏቸውና፣ አፍንጫቸውን ጠርገው፣ «ቤርዴ» ብለው ይጠብቁ ጀመር።