ሁለቴ ብልጭ

ቱዋት የመኪና ፍጥነት መለኪያ መሣሪያ ለማስመጣት የወረዳውን ቢሮ ደጅ ሲጠና ከርሟል። ትልቋን ልጁን ሃኝን ትምህርት ቤቱ በር ላይ አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና ገድሎበታል። ታናሿ ዲየፕ ደግሞ ሰኞ ያንኑ መንገድ እየተሻገረች መማር ልትጀምር ነው። ሹሞቹ «ገልባጮቹ መፍጠናቸው በመሣሪያ ካልተረጋገጠ መንገዱ ላይ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አንሠራም» አሉ። የልጅ ሬሳ ለእነሱ ማስረጃ አይደለም።

በመጨረሻ ትራፊኩ ሳንግ መሣሪያውን ለአንድ ቀን ተውሶ መጣና ትምህርት ቤቱ አጠገብ ካለው የጎማ ጠጋኝ ዳስ ጀርባ ተደበቀ።

«በምን ያውቃል?» አለው ቱዋት።

«ሞገድ ይልካል፣ አጎቴ። ገልባጩን መትቶ ይመለሳል። መኪናው ወደኛ እየመጣ ከሆነ የሚመለሰው ሞገድ ይጠጋጋል፤ በፈጠነ ቁጥር ይብስበታል። አምቡላንስ ሲቀርብ ድምፁ ይቀጥን የለ? እንደዚያው ነው። አይዋሽም።»

በሰዓት አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር። ሠላሳ ዘጠኝ። አርባ አራት። ገልባጮቹ ሙሽራ የጫኑ ይመስል ቀስ ብለው አለፉ።

ሳንግ ሳቀ። «ከዚህ የሚያልፈው ለሚመጣው መብራት እያበራ ይነግረዋል። እርስዎም ሾፌር ነበሩ፤ ይጠፋዎታል?»

እንዴት ይጠፋዋል? ዕድሜውን ገልባጭ ሲነዳ ኖሯል። ትራፊክ ካለ ከፊት ለሚመጣው ሁለቴ ብልጭ ማድረግ ወግ ነው፤ ይህን የማያደርግ ሰው ሻይ ቤት አጠገቡ የሚቀመጥ አያገኝም። ከሳንግ አለፍ ብሎ ቆመና የሚያልፉትን አንድ በአንድ ለመነ።

«ዛሬን ብቻ አታብሩ። ልጄ ናት እዚህ የሞተችው።»

አንዱ ሽማግሌ ሾፌር አንገቱን ደፋ። «እሺ ወንድሜ። ለሌሎቹም እነግራለሁ።»

ቃላቸውን ጠበቁ። ቱዋት ግን አላምን ብሎ ሞተር ሳይክሉን አስነሳና ገልባጮቹ ወደሚመጡበት መታጠፊያ ወጣ። እዚያ አንድ ባዶ ገልባጭ አቧራውን እያስነሳ ሲበር ከፊቱ መጣ። «ይኸውና!» አለ በልቡ፣ ደስ አለው። አውራ ጣቱ ግን ከልቡ ቀድሞ መብራቱን ሁለቴ ብልጭ አድርጎት ነበር። ሾፌሩ እጁን አንሥቶ አመሰገነውና ፍሬኑን ያዘ።

«አርባ አንድ» አለው ሳንግ ሲመለስ፣ ዕቃውን እየሰበሰበ። «በቃ አጎቴ፣ መንገዱ ደህና ነው ብዬ ነው ሪፖርት የማደርገው።»

ቤት ሲገባ ሚስቱ ቶም የዲየፕን ዩኒፎርም ትለካ ነበር። «አንድ እንኳ አልተያዘም?» አለችው።

«አንድ ነበር። አበሩለት።»

«የትኛው ልበ ቢስ ነው?»

ቱዋት ልጅቷን ወደ ጓዳ ላካትና በሩን ዘጋ።

«እኔ ነኝ» አላት።